ከዚራን ወይም ጀጎልን በስልክ ማስጎብኘት፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ ጎብኚ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሐረር መኪና የት እንደሚገኝ ነው። ድሬ አድሮ ጠዋት ሆቴሉን "እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?" ቢልም መልሱ ያው ነው። "ሐረር ይሂዱ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።" አቦ፣ እኛም እኮ ከተማ አለን!

ከለገሀር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ተነስቶ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር መሄድ፣ የደቻቱን አሸዋ ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር መግባት፣ ቀፊራ ገበያ ላይ መጨረስ የአንድ ጠዋት የእግር መንገድ ነው። ከተማዋን ባቡር ነው የወለዳት። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተመቸው ከታች ቀረ፤ በጣቢያው ዙሪያም ድሬ ተቆረቆረች። ይህን ግን እንግዳው ከሕንፃዎቹ መልክ ብቻ አያውቀውም። ነጋሪ ይፈልጋል።

የሐረር፣ በተለይ በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ከተማ የጀጎል፣ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ጎብኚ አላጣችም። ግን ፈረስ መጋላን ያያል፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ነው የሚባለው ራምቦ ቤት ይገባል፣ ማታ የጅብ ምገባ አይቶ በማግስቱ ይወጣል። ውስጥ ውስጡን ያሉት ባለ ሱቆች፣ ልብስ ሰፊዎችና ቡና ቆዪዎች ብዙም አያገኙትም።

ለሁለቱም "አፕ እንሥራ" የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል። አፕ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ እንደ እኔ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት። ይህ መመሪያ ለሆቴልና ለካፌ ባለቤቶች፣ ለአስጎብኚ ማኅበራት፣ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሰዎች፣ እንዲሁም "እኔ ልሥራው" ለሚሉ ኮምፒውተር ነክ ወጣቶች የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ፣ ለማን?

ወደ ምሥራቅ የሚመጣው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም።

ትልቁ ቡድን የአገር ውስጥ ጎብኚ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው፣ ለሠርግ፣ ለሥልጠና ወይም ለንግድ የሚመጣው። ሲም ካርዱ የአገር ውስጥ ነው፤ ቴሌግራም አለው፤ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይሰማል። ታሪክ ፍለጋ አልመጣም፤ ግን ባዶ ግማሽ ቀን አለው። ይህ ግማሽ ቀን ነው የኛ ገበያ።

ሁለተኛው የጅቡቲ ጎረቤታችን ነው። በጋቸው ሲያቃጥል ድሬና ሐረር ይመጣሉ። ቋንቋቸው ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ ነው። ስለ ቱሪዝም ስናወራ ግን ሁሌ የምናስበው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ይገርመኛል። ባቡሩ ራሱ ከጅቡቲ የመጣ፣ ፈረንሳይኛ ያወራ የነበረ ባቡር አይደል?

ሦስተኛው ፈረንጁ ነው። እንግሊዝኛ ይበቃዋል። ሲም ካርድ ላይገዛ ይችላል፤ ሆቴል ውስጥ ዋይፋይ ላይ አውርዶ መውጣት ይመርጣል።

ከዚህ ሁሉ የትኛውን እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ መሣሪያ አትምረጡ። ለጅቡቲ እንግዳ ተብሎ በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ ነገር ለማንም አልተሠራም ማለት ነው።

በምን እንመዝን?

*ያለ ኔትወርክ ይሠራል?* ድሬ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ የከፈተው በነሐሴ 2014 እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም አለ። ግን የቁልቢ ሰሞን ሰው ሲጎርፍ ኔትወርክ ይጨናነቃል። የጀጎል ወፍራም የድንጋይ ግድግዳዎችም ሲግናል ያዳክማሉ። ስለዚህ ጎብኚው አንዴ ከፍቶ ወይም አውርዶ ቀሪውን ያለ ዳታ መስማት መቻሉ ትልቅ ነጥብ ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በሰከንድ በ64 ኪሎቢት የተቀዳ ንግግር በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። አሥር ፌርማታ፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ በጠቅላላው ከ10 ሜጋባይት በታች ነው። አንድ ረዘም ያለ ቪዲዮ ከዚህ በላይ ይበላል። ቪዲዮ ላይ የምትወድቁ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ።

*ለመጀመር ስንት ነገር ይጠይቃል?* እንግዳው ፀሐይ ላይ ቆሟል። "አውርድ፣ ተመዝገብ፣ ፈቃድ ስጥ" ከተባለ ስልኩን ኪሱ ይከታል። ከአንድ ንክኪ በላይ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ሰው ይቀንሳል።

*ከምረቃው በኋላ ማን ያድሰዋል?* ዋናው መመዘኛ ይሄ ነው። አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ የሚያምር ኪውአር ኮድ አይቻለሁ። ስካን ሳደርገው ገጹ የለም። ማን እንደሠራው የሚያውቅ አልነበረም፤ ፕሮጀክቱ አልቋል፣ ሠራተኛው ለቋል። በእኛ አገር የሚሞተው ሐሳቡ አይደለም፤ ወርሃዊ ክፍያው ነው። ይለፍ ቃሉ ማን እጅ እንዳለ፣ ዶሜኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) በየዓመቱ ማን እንደሚከፍል፣ አንድ ካፌ ሲዘጋ ጽሑፉን ማን እንደሚቀይር ካልተጻፈ ሥራው አልተጀመረም በሉት።

*ቦታውን ይስማማል?* ከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰማዩም ክፍት ነው፤ ጂፒኤስ በደንብ ይይዛል። የጀጎል መንገዶች ግን ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው። ሲግናሉ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይነጥርና ስልካችሁ በአጥሩ ማዶ ያለ ሰው ግቢ ውስጥ ያስቀምጣችኋል። እዚያ "ወደ ቀኝ ታጠፍ" የሚል ድምፅ ከመስማት የመታጠፊያውን ፎቶ ማየት ይሻላል።

*ገንዘቡ ሰፈሩ ውስጥ ይቀራል?* ጉብኝቱ ሰውን ፈጢራ ቤት፣ ሙሸበክ (ጣፋጭ) መሸጫ፣ ቡና ቤት፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ካላቆመው ለከተማው ያመጣው ነገር እግር ብቻ ነው።

*ድምፁና ጽሑፉ የማን ነው?* መድረኩ ቢዘጋ ይዛችሁት መውጣት መቻል አለባችሁ። ዋናው ቅጂ ሁልጊዜ በእጃችሁ፣ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

አንድ፦ ኪውአር ኮድ እና ቀላል ድረ ገጽ

በየሱቁ መስታወት ላይ አንድ ስቲከር፤ ስካን ሲደረግ የዚያ ቦታ አጭር ጽሑፍ፣ አንድ አሮጌ ፎቶ፣ የሁለት ደቂቃ ድምፅ፣ ከታች "ቀጣዩ ፌርማታ" የሚል ቁልፍ። በቃ። ምንም አይወርድም፣ ምንም አይመዘገብም።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሸወዱበት አንድ ቦታ አለ። ኪውአር ኮድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቋሚ ነው፤ አድራሻው ራሱ ጥቁርና ነጩ ውስጥ ተጽፏል፣ ማንም አያጠፋውም፣ በነፃ ይሠራል። ሁለተኛው ተለዋዋጭ የሚባለው በሌላ ድርጅት በኩል ያልፋል። ምቹ ነው፤ ከታተመ በኋላም አድራሻውን መቀየር ትችላላችሁ፤ ግን ክፍያው የተቋረጠ ቀን ስቲከሩ ሁሉ ይሞታል። ቋሚውን ውሰዱ፣ ወደ ራሳችሁ ዶሜን ይምራ፤ የሚቀየር ነገር ካለ ገጹ ላይ ቀይሩ። ስታዘጋጁትም የስህተት ማረሚያ ደረጃውን ከፍተኛው ላይ አድርጉት። ያኔ ከኮዱ እስከ 30 በመቶ ቢቧጨር ወይም ቢቆሽሽ እንኳ ይነበባል። ለድሬ አቧራ አስፈላጊ ነው።

የድሬ ፀሐይ የወረቀት ቀለም ያደበዝዛል። ስቲከሩን ከመስታወት በስተውስጥ ለጥፉት። ጀጎል ውስጥ ግን ግንቡ ላይም ሆነ የጥንት ቤት ግድግዳ ላይ ምንም አትለጥፉ፣ ምንም አትቸንክሩ። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። ከዚያም በላይ ግድግዳው በየጊዜው ቀለም ይቀባል፤ ስቲከራችሁ አብሮ ይቀባል። የሱቅ ጠረጴዛ፣ የሙዚየም መግቢያ፣ የካፌ ሜኑ ይበቃል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የጉብኝቱን ኮድ ከቴሌብር መክፈያ ኮድ አጠገብ አታድርጉት። ሰው ይምታታበታል፤ አጭበርባሪም ይመቸዋል።

ድክመቱ ኔትወርክ ነው። ገጹ ሲከፈት ዳታ ይፈልጋል። ገጹ ቀላል ከሆነ ጭንቅ የለም፤ ዲዛይነሩ በትልልቅ ፎቶና በሚንቀሳቀስ ነገር ካስጌጠው ግን ጉድ ነው።

ሁለት፦ ቴሌግራም

ለአገር ውስጥ ጎብኚ ከዚህ የሚቀል የለም። አፑ ስልኩ ላይ አለ። ቻናል ትከፍታላችሁ፤ እያንዳንዱ ፌርማታ አንድ ፎቶ፣ አንድ የድምፅ መልእክት፣ አንድ የቦታ ምልክት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ማውጫውን ፒን ታደርጋላችሁ። ሆቴል ውስጥ በዋይፋይ አንዴ ያወረደው ሰው መንገድ ላይ ያለ ዳታ ይሰማዋል። ዋጋው ዜሮ ነው።

ከቻናል ከፍ ያለው ቦት፣ ማለትም በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ነው። ስቲከሩን ስካን ሲያደርጉት በቀጥታ ያንን ፌርማታ ይከፍታል፤ ቋንቋም ያስመርጣል። ግን ቦት የሚሠራበት ሰርቨር ይፈልጋል፤ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰውም ይፈልጋል። ሰፈሩ ውስጥ ኮድ የሚጽፍ ልጅ ካለ ደግ፤ ልጁ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ምን ይሆናል? ቻናል ከቦት ያንሳል፤ ግን ተንከባካቢ አያጣም።

ሁለት ድክመት አለው። ፈረንጁ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም የለውም፤ የጅቡቲውም እንግዳ ላይኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ በየካቲት 2015 ቴሌግራምን ጨምሮ አንዳንድ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተገድበው ለወራት ቆይተዋል። እንቁላሉን ሁሉ እዚህ ቅርጫት ውስጥ አታድርጉ።

ሦስት፦ የተዘጋጀ ካርታ

ጉግል ማይ ማፕስ ላይ ነጥቦችን አስቀምጦ ሊንኩን ማካፈል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ነፃ ነው። ፎቶና ጽሑፍ ይቀበላል። ችግሩ ያለ ኔትወርክ አይከፈትም፤ ለአንድሮይድ የነበረው የራሱ አፕም ቀርቷል፤ አሁን በብሮውዘር ወይም በጉግል ማፕስ በኩል ነው የሚታየው። ድምፅ የለውም፤ ቢበዛ ሊንክ ነው የምታስቀምጡበት።

ያለ ኔትወርክ ለሚሄድ ሰው ያንኑ ካርታ በኬኤምኤል (የካርታ ነጥቦችን በሚይዝ) ፋይል አውጥቶ ኦርጋኒክ ማፕስ በሚባለው አፕ ማስከፈት ይቻላል። ፈረንጆቹ ይወዱታል። አፑ የሚጠቀመው ኦፕን ስትሪት ማፕን ነው፤ ያ ካርታ ደግሞ በማንኛውም ሰው ይታረማል። ሁለት ሦስት ልጆች አንድ ቅዳሜ ወጥተው የጀጎልን ውስጥ መንገዶችና የከዚራን ሕንፃዎች ቢያስተካክሉ ጥቅሙ ለናንተ ጉብኝት ብቻ አይደለም። የቦታ ስሞችን ስታስገቡ ሁሉንም አስገቡ። አንዱን የጀጎል በር ሸዋ በር ብሎ የሚፈልግ አለ፤ አስማዲን በሪ ብሎ የሚፈልግም አለ።

ካርታ ብቻውን ግን ጉብኝት አይደለም። ነጥቡ የት እንዳለ እንጂ ለምን እዚያ መቆም እንዳለብኝ አይነግረኝም። ለሌሎቹ ደጋፊ አድርጋችሁ ያዙት።

አራት፦ የውጭ የድምፅ ጉብኝት መድረኮች

ኢዚ ትራቭል እና ቮይስማፕ የሚታወቁት ናቸው። ሁለቱም በጂፒኤስ ይሠራሉ፤ ወደ ቦታው ስትጠጉ ድምፁ በራሱ ይጀምራል። ሁለቱም አስቀድሞ ተወርዶ ያለ ኔትወርክ መሄድ ያስችላሉ። ኢዚ ትራቭል ላይ ማዘጋጀትና ማሳተም ነፃ ነው። ቮይስማፕ ደግሞ አርታዒ አለው፤ ጽሑፋችሁን አይተው ያስተካክላሉ፤ ጉብኝቱ ከተሸጠ ድርሻ ይከፍላሉ። ጥራቱ በዚሁ ምክንያት ይለያል።

ለፈረንጅ ጎብኚ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዱ አገሩ ሳለ እዚያው አፕ ላይ "ሐረር" ብሎ ይፈልጋል። ለአዲስ አበባው ግን አዲስ አፕ ማውረድ ነው፤ የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ በውጭ ካርድ መክፈል ነው፤ አይሆንም። ጀጎል ውስጥ ራሱን የሚጀምረው ድምፅ በተሳሳተ መንገድ ላይ ሊጀምር ይችላል፤ ነጥቦቹን ሰፊ ቦታዎች ላይ ማለትም በሮቹ፣ ፈረስ መጋላ፣ ሙዚየሞቹ ደጃፍ ላይ ብቻ አስቀምጡ።

አምስት፦ የራስ አፕ

አጭር ልበል። ጉግል ፕሌይ ላይ አካውንት ለመክፈት አንዴ 25 ዶላር ነው፤ አፕል ላይ በየዓመቱ 99 ዶላር። ይህ ትንሹ ወጪ ነው። ስልኮች በየጊዜው ይታደሳሉ፣ መደብሮቹም መስፈርት ይቀይራሉ፣ ያልታደሰ አፕ ይወርዳል ወይም አይከፈትም። አሥር ፌርማታ ላላት አንዲት ከተማ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ትርጉም የሚኖረው ድሬን፣ ሐረርን፣ ቁልቢን፣ የለጋ ኦዳን የዋሻ ሥዕሎች አንድ ላይ የሚይዝ፣ ቋሚ ባለሙያ የተመደበለት ነገር ሲሆን ነው። "አፕ አለን" ለማለት ብቻ ከሆነ ይቅር።

ስድስት፦ ደውሎ መስማት

ይህን የሚያስታውሰው ትንሽ ሰው ነው። ገበሬዎች 8028 ላይ ደውለው ስለ እርሻ ምክር ይሰማሉ አይደል? ያው ነው፤ "ለደቻቱ ድልድይ 3ን ይጫኑ"። ተራ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ላላነበበም ይሆናል። አጭር ቁጥር ማውጣትና ማስተዳደር ግን የቢሮ ሥራ ነው፤ በግል የሚሞከር አይደለም። ለውጭ ሲም ካርድም አይመችም።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ያለ ኔትወርክ | ለመጀመር | መነሻ ወጪ | እድሳት | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ኪውአር እና ድረ ገጽ | በከፊል | አንድ ስካን | ዝቅተኛ | ዓመታዊ ዶሜንና ሆስቲንግ | ለሁሉም |
| ቴሌግራም ቻናል | ከወረደ አዎ | አንድ ንክኪ | የለም | ቀላል | የአገር ውስጥ ጎብኚ |
| ቴሌግራም ቦት | በከፊል | አንድ ስካን | ዝቅተኛ | ባለሙያ ይፈልጋል | ብዙ ቋንቋ ሲኖር |
| ማይ ማፕስ | አይ | አንድ ሊንክ | የለም | ቀላል | እንደ ደጋፊ |
| ኦርጋኒክ ማፕስ | አዎ | አፕ እና ፋይል | የለም | ቀላል | የውጭ ጎብኚ |
| የድምፅ መድረኮች | ከወረደ አዎ | አፕ | ከዜሮ ጀምሮ | መካከለኛ | የውጭ ጎብኚ |
| የራስ አፕ | እንደ አሠራሩ | አፕ | ከፍተኛ | ከባድ | ሰፊ ክልላዊ ፕሮጀክት |
| ደውሎ መስማት | ያለ ዳታ፣ በጥሪ | ጥሪ | ከፍ ያለ | የቢሮ ሥራ | ተራ ስልክ ላለው |

መሣሪያው ሳይሆን ድምፁ

አብዛኛው ሰው በጀቱን መሣሪያው ላይ ይጨርስና ለጽሑፉ ከኢንተርኔት የተገለበጠ አንድ ገጽ ያስገባል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ጥሩ ድምፅ ቴሌግራም ላይም፣ ድረ ገጽ ላይም፣ ነገ በሚመጣው ሌላ ነገር ላይም ይጫናል።

መጥፎው እንዲህ ነው፦ "የደቻቱ ድልድይ በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር የሚገኝ ሲሆን ሁለቱን የከተማዋን ክፍሎች በማገናኘት ከፍተኛ ፋይዳ ያለው መሠረተ ልማት ነው።" ማን ቆሞ ይሰማል?

እንዲህ ቢሆንስ፦ "ድልድዩ መሐል ላይ ቁሙ። ወደ ታች እዩ። ይህ አሸዋ ወንዝ ነው፤ ደቻቱ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰውም ግመልም ይሻገርበታል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ግን ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ከደጋው የወረደ ጎርፍ በዚህ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከኋላችሁ ያለው ከዚራ ነው፤ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የባቡር ኩባንያው ሰፈር። ከፊታችሁ ያለው መጋላ ነው። ስትሻገሩ ጆሯችሁን አሹሉ፤ ቋንቋው ይቀየራል።" ይህ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ደግሞ ጽሑፉን ከዚህም አሳጥሩት። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ራሱ ትረካ ነው። "ስልካችሁን አቁሙና እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ ቀሚስ ማሳጠር ካሻችሁ አሁን ስጡና ስትመለሱ ውሰዱ" ማለት ይበቃል። ጎብኚው እንዲመለስ ምክንያት ሰጣችሁት፤ ሰፊውም ሥራ አገኘ።

እውነቱንም ተናገሩ። ራምቦ ቤት የሚባለውን ሕንፃ ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው። ይህን መደበቅ ምን ይጠቅማል? የነጋዴው ታሪክ ራሱ ሐረር ምን ዓይነት የገበያ ከተማ እንደነበረች ይነግራል። ለገሀር ላይም ያረጁትን የባቡር ሠራተኞች አስቀርጹ። ወደ አዲስ አበባ በ1909 የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዕውቀት እነሱ ጋ ነው ያለው። አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማ ውጭ ስለሆነ የድሮውን የሚያስታውስ ሰው እያነሰ ይሄዳል። እግረ መንገዳችሁን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለመግባትና ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ እንደሚጠየቅ ገጹ ላይ ጻፉ፤ እንግዳውን ከጥበቃ ጋር አታጋጩት።

አስጎብኚዎቹን አትርሱ። ጀጎል ውስጥ ይህ ሥራ የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። "በስልክ ተተካችሁ" የተባሉ ቀን ስቲከራችሁ ይቀደዳል፤ እውነት አላቸው። ድምፁን እነሱ ያንብቡት፣ ይከፈላቸው። ነፃው ጉብኝት አደባባዮቹን ብቻ ይሸፍን። የሐረሪ ቤት ውስጥ መግባት፣ ቡና መጠጣት፣ ማታ ጅብ ማየት ሲፈልግ ወደ አስጎብኚው የሚያደርስ ቁልፍ ገጹ ላይ ይኑር።

ለማን የቱ?

*ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ፣ አንድ ካፌ ወይም ሆቴል ብቻ ካላችሁ፦* ቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፣ አምስት ፌርማታ፣ በስልካችሁ ቅረጹ። ድምፅ ለመቅዳት ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ክፍል ይሻላል፤ በረንዳ ላይ ባጃጅ ያበላሽባችኋል። ማውጫውን በአንድ ወረቀት አትሙና የክፍል ቁልፍ ስትሰጡ አብራችሁ ስጡ። ፈረንጅ ከመጣ ያንኑ ካርታ በኦርጋኒክ ማፕስ።

*የአስጎብኚዎች ማኅበር ከሆናችሁ፦* ሐረር ላይ ኢዚ ትራቭልን ሞክሩ፤ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ እንግሊዝኛ። በሮቹንና አደባባዮቹን ብቻ። ቀሪውን በአካል ሽጡ። ጉብኝቱ የናንተ ማስታወቂያ ይሆናል።

*የከዚራና የመጋላ ነጋዴዎች ተሰባስባችሁ ትንሽ ካዋጣችሁ፦* ኪውአር እና ቀላል ድረ ገጽ ነው የማያሳፍራችሁ። ዶሜኑ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፤ ለሦስት ዓመት አስቀድማችሁ ክፈሉ። ከአማርኛ ቀጥሎ ሶማሊኛና ኦሮምኛ፣ ከዚያ ፈረንሳይኛ። እንግሊዝኛ ይከተል። በየሁለት ፌርማታው አንድ የሚበላ ወይም የሚጠጣ ቦታ ይኑር፤ ግን ገንዘብ ያዋጣ ሁሉ ፌርማታ ልሁን ካለ ጉብኝቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይሆናል። ሕጉን መጀመሪያ ተነጋገሩበት።

*ቢሮ ከሆናችሁና በጀት ካላችሁ፦* አፑን ተዉት፤ ገንዘቡን ለአረጋውያን ቀረጻ፣ ለትርጉም፣ ለአሮጌ ፎቶ ማሰባሰብ አውሉት። ደውሎ መስማትን የመሞከር አቅም ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ። ለጥገና ደግሞ በሥራ መደብ ላይ የሰፈረ አንድ ሰው መድቡ፤ "ኮሚቴ" አትበሉ።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰዓት ጻፉ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ በእግር ማስጎብኘት ሰው መቅጣት ነው። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ተኩል፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ። ከምሳ በኋላ ከተማው ዐረፍ ይላል፤ ሱቁም ይዘጋል። ሐረር በ700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል እዚያ ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ስቲከሩን ከማሳተማችሁ በፊት ድሬን የማያውቅ ሰው ፈልጉና ስልኩን ስጡት። ከኋላው ተከተሉት፣ አፋችሁን ግን ያዙ። ቆሞ ባጃጅ ነጂ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ጽሑፋችሁ የተበላሸበት ቦታ ነው። ለታኅሣሥ 19 ለማድረስ ካሰባችሁ ቀረጻው ጥቅምት ውስጥ ይለቅ፤ ኅዳር ለሙከራና ለእርማት ነው። ማተሚያ ቤቶቹ የቁልቢ ሰሞን ቲሸርትና ባነር ስለሚበዛባቸው ስቲከሩን ኅዳር መጨረሻ ላይ እዘዙ።